ልጆችን የምታስተኛው ቫን

ሳሎንጎ ዋሉሲምቢ የታመመ ሞተር ሲመጣላቸው የረጅሙን ካቻቪቴ ጫፍ በብረቱ ላይ፣ እጀታውን በጆሯቸው ላይ ደግፈው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ልጃቸው ኪዛ ደግሞ ከመሪው ሥር ሽቦ ሰክታ፣ ዓይኗን ከመመርመሪያው ሰሌዳ ላይ ሳትነቅል ቁጥር ታነባለች። እሳቸው ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ትምህርታቸውን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጡ ቢሆኑም፣ በካምፓላ የንደባ ጋራዦች ረድፍ ውስጥ በአርባ ዓመት አንድም ቀን «አላውቅም» ሲሉ የሰማቸው ሰው የለም። እሷ ሠላሳ ዓመት አልሞላትም፤ ከቴክኒክ ኮሌጅ ተመርቃ የአንድ አስጎብኚ ድርጅት መኪኖችን ትጠግናለች፤ «አላውቅም፣ እስቲ እንየው» የምትለውንም በቀን ሃያ ጊዜ ትለዋለች፤ ይህ ለአባቷ የተማረ ሰው ስንፍና ይመስላቸዋል። እሳቸው ወፍራም፣ ቀልደኛና ቁጡ ናቸው፤ እሷ ቀጭን፣ ዝምተኛና ግትር ናት። የሚመሳሰሉበት ነገር ቢኖር የሁለቱም መጠሪያ ከመንታ የመጣ መሆኑ ነው፤ እሳቸው መንታ በመውለዳቸው ሳሎንጎ፣ ባለቤታቸው ናሎንጎ ሲባሉ፣ እሷ ከመንታዎቹ ቀጥላ ወደዚህ ዓለም በመምጣቷ ኪዛ ከመባል ሌላ ምርጫ አልነበራትም። ዘወትር ሐሙስ፣ በዕረፍት ቀኗ፣ ልትጠይቃቸው ስትመጣ እንደ ደንቡ ተንበርክካ ሰላም ትላቸዋለች። የቱታዋ ጉልበት የቆሸሸው መኪና ሥር በመግባት እንዳይመስላችሁ፤ አባቷ ሰላምታ የሚቀበሉት ሁልጊዜ ዘይት የፈሰሰበት ቦታ ላይ ቆመው ስለሆነ ነው።

በዚያ የሚያዝያ ሐሙስ ግን ከሰላምታው በፊት የልጅ ለቅሶ ሰማች። ከጋራዡ ጀርባ ያለው ቤት ሁለት ክፍል ነው፤ በፊተኛው ክፍል ናሎንጎ በእጃቸው የሠሩት ዳንቴል የለበሱ አራት ወንበሮች፣ በሌላ ዳንቴል የተሸፈነ ቴሌቪዥን፣ በግድግዳው ላይ ደግሞ ሦስት ዓመት ያለፈበት የቀን መቁጠሪያ አለ። የስድስት ዓመቷ ሌቲሺያ የደንብ ልብሷን እንደለበሰች በቀን መቁጠሪያው ሥር ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆማለች። አባቷ ዋስዋ፣ ከመንታዎቹ ታላቁ፣ በአንድ እጁ የዘይቱን ዛፍ ቀጭን ዘንግ፣ በሌላው የመምህሯን ወረቀት ይዟል። እናቷ ዱባይ ለቤት ሥራ ከሄደች ወዲህ ልጅቷን የሚያሳድጓት አያቶቿ ናቸው፤ የሚገርፋት ግን እሱ ነው። ጠዋት ልጅቷን ከትምህርት ቤት ሲመልሱለት የሰጡት ወረቀት አጭር ነበር፦ ልጅቷ በየቀኑ ክፍል ውስጥ ትተኛለች፤ ዛሬ ለጠዋት ሰልፍ መቀስቀስ አልተቻለም፤ ይህ እስከ ሰኞ ካልታረመ ትምህርት ቤቱ ሌላ ልጅ ይቀበልበታል።

«በሦስት ሰዓት ከመኝታዋ ገብታ፣ በአሥራ አንድ ተነስታ፣ ምን ዓይነት እንቅልፍ ነው ይሄ?» አለ ዋስዋ።

«ጭንቅላቴ ውስጥ ከበሮ አለ» አለች ልጅቷ ለግድግዳው።

«ከበሮ! በጨዋታ ሰዓትማ ከበሮው ዝም ይላል» አሉ ናሎንጎ፣ የሙዝ ቅጠል እያጠቡ። ክፉ ሴት አልነበሩም። ከዝናቡ መግቢያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ክሊኒክ ወስደዋታል፤ የደም ምርመራው ወባ የለባትም ቢልም፣ በእኛ ዘንድ ራሱን ያመመው ሰው ሁሉ ወባ አለበትና ሦስት ጊዜ የወባ መድኃኒት አውጠዋታል። ከመድኃኒቱ በኋላም ልጅቷ ስትተኛ ጊዜ፣ ለሰነፍ ልጅ የቀረው መድኃኒት ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ኪዛ ዘንጉን ከወንድሟ እጅ ወስዳ ከበሩ ውጭ ጣለችው። ናሎንጎ ቅጠላቸውን ማጠባቸውን ቀጠሉ፤ ዋስዋ ወረቀቱን አራት አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተው።

በዚያው ቅጽበት ጎረቤታቸው ማማ ጆቫን የተጠበሰ ካሳቫ በትሪ ይዛ ከበሩ ላይ ብቅ አለች። የእሷም ልጅ በዋስዋ ቫን ነው ትምህርት ቤት የሚመላለሰው፤ ዋስዋ ከልጁ ሌላ አሥራ ዘጠኝ ልጆች ይጭናል።

«ዋስዋ፣ አንተ ሰው፣ እግዜር ይስጥህ! ትናንትም ጆቫንን እንደ ጆንያ ተሸክሜ ነው ያስገባሁት። ድሮ ገና ከበሩ ሲገባ ቤቱን ይገለብጠው ነበር። ምንድን ነው የምታጠጣቸው?»

«አነዳዴ ነው፣ ማማ ጆቫን። መሪ እንደ ጨቅላ ነው የሚያዘው» አለ ዋስዋ፤ ከንዴቱ መሐል ፈገግ ብሎ።

«እንግዲያውስ ማታ ማታ መጥተህ ባሌንም አዙርልኝ!»

ሁሉም ሳቁ፤ ኪዛም ሳቀች። ቫኗ በሰፈራችን ስም አውጥታ ነበር። ከዝናቡ መግቢያ ወዲህ እናቶች ሁሉ ልጄን በዚህች ጫንልኝ ይሉ ነበር፤ ተራ የሚጠብቁም ነበሩ። አንድ ሰው እንኳ፣ አሥራ ዘጠኝ ልጆች በአንድ መኪና ውስጥ ዝም ሲሉ ምን ማለት ነው ብሎ አልጠየቀም። የደከመች እናት ጸጥታን አትመረምርም፤ ትቀበላለች እንጂ።

ቫኗ ግን ለራሷ ጤነኛ አልነበረችም። እንደ ሌሎቹ ሁሉ ጃፓን አገልግላ በመርከብ የመጣች የናፍጣ ቫን ናት፤ ሞተሯ ከፊት ወንበሮች ሥር ነው። ካለፈው ወር ጀምሮ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፤ ዳገት ላይ ጉልበት ያጥራታል፤ ዳሽቦርዱ ላይ የበራውን የሞተር መብራት ዋስዋ በጥቁር ፕላስተር ሸፍኖታል። ሳሎንጎ የአየሩንም የነዳጁንም ፊልትሮ ለውጠዋል፣ ማርሚታዋን አውርደው ቀጥቅጠው መልሰዋል፤ ለውጥ የለም። ኪዛ ከቦርሳዋ መመርመሪያዋን ስታወጣ ከጎረቤት ጋራዥ ሴምፓላ የሚባለው መካኒክ ገና ከሩቅ አያት።

«ሐኪሟ መጣች! ሳሎንጎ፣ በዚያው የደም ግፊትዎንም ትለካልዎት!»

«የእኔን ከለካች ማሽኗ ይፈነዳል» አሉ ሳሎንጎ።

ኪዛ ሽቦዋን ሰካች። በናፍጣ ሞተር ጎን ከተቃጠለው ጭስ ጥቂቱን መልሶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ አንድ ትንሽ በር አለ፤ መካኒኮች ኢጂአር ይሉታል። የሠሩት ሰዎች የከተማውን አየር ለማዳን አስበው ነው፤ በእኛ ናፍጣና በእኛ አቧራ ግን በሩ በጥላሸት ይጣበቅና እንደተከፈተ ይቀራል። ያን ጊዜ ሞተሩ ንጹሕ አየር አጥቶ የገዛ ጭሱን ሲተነፍስ ይውላል። አዲሱ በር ዘጠኝ መቶ ሺህ ሽልንግ ነው፤ ያገለገለው ሦስት መቶ ሺህ። የሳሎንጎ ዋሉሲምቢ መላ ደግሞ አምስት ሺህ ሽልንግ ነበር፦ ከወተት ዱቄት ቆርቆሮ በመቀስ ቆርጦ፣ ሁለት ጊዜ አጥፎ፣ ያለ ማሸጊያው ጋስኬት በሁለቱ ብረቶች መሐል አስገብቶ መንገዱን ጨርሶ መድፈን። ቆርቆሮው ለስላሳ ስለሆነ ራሱ ጋስኬት ነው ይሉ ነበር። ረድፉ ይህን መላ ከእሳቸው ተማረ፤ ዋሉሲምቢ የደፈነውን የሚከፍተው የመላእክት መለከት ብቻ ነው ይባል ነበር።

«አባባ፣ ኮምፒውተሩ በሩን ዝጋ ብሎ እያዘዘ ነው፤ ጭሱ ግን ያልፋል። ወደ ሞተሩ የሚገባው ንጹሕ አየር ከሚያስፈልገው በሲሶ ያንሳል» አለች።

«ማሽንሽ ዋሾ ነው። የት ነው የሚያልፈው? ከአምስት ዓመት በፊት በገዛ እጄ ደፍኜዋለሁ።»

«ምናልባት የደፈኑት ተበልቶ ይሆናል።»

«ተበልቶ! አይጥ ነው የሚበላው? ካቻቪቴውን አምጪ፤ ኢንጀክተሩ ነው፣ ሲያንኳኳ እሰማዋለሁ።»

ዝናቡ በረታ። የመመርመሪያው ሽቦ አጭር በመሆኑ ኪዛ መሐለኛው የፊት ወንበር ላይ፣ በሞተሩ አናት ማለት ነው፣ ተቀምጣ መስታወቱን ዘጋችና ሞተሩን በሚኒሞ ትታ ቁጥሮቹን ትከታተል ጀመር። ወንበሩ የሌቲሺያ ነበር። የሾፌሩ ልጅ በመሆኗ ጠዋት ከሁሉ በፊት ትገባለች፣ ማታ ከሁሉ በኋላ ትወርዳለች፤ ከመሪው አጠገብ መቀመጧን ሌሎቹ ልጆች ይቀኑበታል። ኪዛ አንዱን መስመር አነበበች። እንደገና አነበበችው። ለሦስተኛ ጊዜ ስታነበው ከዓይኖቿ ጀርባ አንድ ነገር መምታት ጀመረ፤ በዝግታ፣ ሳያቋርጥ፣ ልክ እንደ ከበሮ። በሩን በርግዳ ወርዳ ዝናቡ ውስጥ ቆመች።

አየር ከሳበች በኋላ ነጭ ጨርቅ ፈልጋ የሞተሩ መክደኛ ከወለሉ ጋር በሚገጥምበት ስንጥቅ ላይ ዘረጋችው። የመክደኛው ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ጨርቁን ስታነሳው ከዳር እስከ ዳር በቀለም የተሰመረ የሚመስል ጥቁር መስመር ታትሞበት ነበር። ጨርቁን አባቷ ፊት ዘረጋችው። ቃላቷን እየመረጠች፣ እንደ ደንቡ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረቻቸው፦ ጭሱ በቆርቆሮው መሐል ወደ ሞተሩ፣ በቆርቆሮው ዳር ደግሞ ወደ ልጆቹ እየገባ ነው፤ በበጋ መስኮቱ ክፍት ስለሚሆን አልታወቀም፤ ከዝናቡ ወዲህ ግን በዋስዋ ጎን ካለችው ክፍተት በቀር መስታወቱ ሁሉ ዝግ ነው። ልጆቹ የሚተኙት በዋስዋ አነዳድ አይደለም።

ሳሎንጎ ጨርቁን አዩት፤ ሴምፓላን አዩት፤ ረድፉን ሁሉ አዩ። ከዚያ ሳቁ።

«እንግዲህ እኔ ልጅ ገዳይ ሆንኩ! ትምህርት ቤቱ ለመድረስ ስንት ደቂቃ ይፈጃል፣ ዋስዋ?»

«ሃምሳ፣ አባባ። በዝናብ ሰባ።»

«ሰባ ደቂቃ ሌቲሺያ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ስወርድ ማሽንሽን ለቆራሌው ትሸጪዋለሽ!»

ኪዛ ክንዳቸውን ይዛ ለመነች፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቷን ይዛ ጎተተች። እሳቸው ግን ገብተው ሁሉንም በር ከውስጥ ቆለፉ፤ ሞተሩን አስነሱ፤ ቦርሳ የያዘ ተማሪ መስለው እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ። ረድፉ በሳቅ ፈረሰ። «የኔታ መጡ፣ ሰልፍ ያዙ!» አለ ሴምፓላ። ኪዛ ከመስታወቱ ውጭ ዝናቡ እየወረደባት ቆመች። በየአምስት ደቂቃው መስታወቱን ታንኳኳለች፤ እሳቸውም አውራ ጣታቸውን ያነሳሉ። አምስት፣ አሥር፣ አሥራ አምስት። በሃያኛው ላይ አውራ ጣቱ ዘግይቶ ተነሳ። በሃያ አምስተኛው ላይ አልተነሳም። በቀን ሲተኙ ማንም አይቷቸው የማያውቃቸው ሳሎንጎ ዋሉሲምቢ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቆ፣ አፋቸው ትንሽ ተከፍቶ፣ አንድ እጃቸው ከወንበሩ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ማማ ጆቫን እንደ ጆንያ የምትሸከመው ልጅ ልክ እንደዚያ ነው የሚተኛው።

«አባባ!» አለች። ደግማ ጮኸች። ዋስዋ አሁንም እየሳቀ ነበር፤ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ሴምፓላ መዶሻ ይዞ ሮጦ የኋለኛውን መስታወት ሰበረው፤ ዋስዋ እጁን በስባሪው እየቆረጠ በሩን ከፈተው፤ ሦስት ሆነው ጎትተው አወጧቸው። ዝናቡ ውስጥ ሲያስተኟቸው ዓይናቸውን ገለጡና «ደረስን?» አሉ። ማንም አልሳቀም። ከዚያ ወደ ጎን ዞረው አስታወኩ።

ደግፈው አሮጌ ጎማ ላይ አስቀመጧቸው። መፍቻ ጠየቁ። ተቀብለውም ለኪዛ ሰጧት። ወንበሩን አንስታ፣ ሁለቱን ብሎኖች ፈትታ ቆርቆሮውን አወጣችው። መሐሉ በእሳት ተበልቶ የሳንቲም ያህል ተቀድዷል፤ ዳሩ ተጣሞ የጥላሸት ምላስ አውጥቷል። እሳት ባልነካው ጥግ ላይ የጥጃ ምስል ግማሽ ፊት ይታያል። ሳሎንጎ በመዳፋቸው ላይ አድርገው ገለባበጡት፤ ከዚያ ጆሯቸውን በእጃቸው ያዙ፣ ያ አርባ ዓመት ያመኑት ጆሮ የዋሻቸው ይመስል።

«ስንት ሰዓት ነው?» አሉ።

«ስምንት ተኩል» አለ ዋስዋ። ልጆቹ የሚለቀቁት ዘጠኝ ተኩል ላይ ነበር።

«የእኔን ቫን ውሰድ» አለ ሴምፓላ ቁልፉን እየዘረጋለት። «የእኔ እንኳ ደህና ናት፤ ልጆቼን የማመላልሰው በሷ ነው።»

ሳሎንጎ ቁልፉን በመሐል ቀለቡት።

«የአንተንም የደፈንኩት እኔ ነኝ» አሉት።

ሴምፓላ ቁልፉ የነበረበትን ባዶ እጁን እንደዘረጋ ቀረ።

ዋስዋ በቤንዚን የሚሄድ አሮጌ ሚኒባስ ታክሲ ተከራይቶ ልጆቹን አመጣቸው። አሥራ ዘጠኙም እየተላፉ፣ እየተሰዳደቡ፣ የታክሲውን ወንበር እየረገጡ መጡ፤ ማማ ጆቫንም ከበሯ ላይ ሆና «ዛሬ ደግሞ ምን ነካቸው?» አለች። ኪዛ ቀርባ ስትነግራት ትሪዋን መሬት ላይ አስቀመጠች፤ ከዚያ ጆቫንን ይዛ ከአናቱ እስከ እግሩ ትዳብሰው ጀመር፣ ከከፍታ የወደቀ ልጅ ይመስል፤ እሱ ግን ከእጇ አምልጦ የጓሮውን ዶሮ አባረረ።

በአሥራ ሁለት ሰዓት ቤተሰቡ ምንጣፉ ላይ ተሰበሰበ። ናሎንጎ በቅጠል ተሸፍኖ የበሰለውን የሙዝ ማቶኬ ከነእንፋሎቱ አቀረቡ፤ የኦቾሎኒውን ወጥ በየሳህኑ ጨለፉ፤ ለሌቲሺያ ከሁሉ አብልጠው ጨለፉላት፤ እሷም ለምን እንደሆነ ሳታውቅ በፍጥነት በላች። ዋስዋ የተቆረጠ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ልጁን ላለማየት ወጡን ብቻ ያያል። ሳሎንጎ አልበሉም። የቀኝ እጃቸውን ጣቶች በግራቸው እያጠፉ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ኪዛ አየች፤ የሰው ስም፣ የመኪና ቀለም፣ የሰፈር ስም ይጠሩ ነበር። አምስቱን ጣት ሰባት ጊዜ ጨርሰው፣ እንደገና ከአውራ ጣት ጀምረው ሁለተኛዋ ጣት ላይ አቆሙ።

«ሳሎንጎ፣ ይብሉ እንጂ» አሉ ናሎንጎ። «ሰው አልሞተብን።»

«ከድምፅ ማጉያው ቤት ነው የመጣሁት» አሉ ሳሎንጎ።

ከገበያው ጥግ ባለው ምሰሶ ላይ የታሰሩት ድምፅ ማጉያዎች የሰፈሩ አፍ ናቸው፤ ማን እንደሞተ፣ የማን ልጅ እንደጠፋ ማለዳ የሚነገረው ከዚያ ነው።

«የነገን የመጀመሪያ ተራ ይዣለሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ቫኖቹ ሳይወጡ።»

«አባባ፣ በየቤቱ ዞረን በቀስታ ብንነግራቸውስ?» አለ ዋስዋ። «ረድፉ እኮ ይጠላናል። ነገ ማን መኪና ያመጣልናል?»

«ሠላሳ ሰባቱን አስታውሻለሁ። ያላስታወስኩትን በር በየት በኩል አንኳኳለሁ?»

«በዚያ ማጉያ የሚጠራው የሞተ ሰው ስም ነው» አሉ ናሎንጎ ድምፃቸው እየቀጠነ። «በቁምዎ ስምዎን ሊያስጠሩ?»

«ሌላ ሰው አይጠራኝም። ራሴ ነኝ የምናገረው።» ውኃ ጠጡ፤ ብርጭቆውን በጥንቃቄ አስቀመጡ። «እኔ ዋሉሲምቢ በወተት ቆርቆሮ የደፈንኩላችሁ ሁሉ፣ ዛሬ ልጅ አትጫኑ እላለሁ። መኪናችሁን አምጡ እላለሁ። የምትከፍተው ኪዛ ናት፤ እኔ መብራት እይዝላታለሁ።» ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሩ፤ ሌቲሺያ ማቶኬ በጉንጯ እንደያዘች አየቻቸው። «ቀጥሎም የመምህርሽን ስም ጠርቼ፣ ይቺ ልጅ ሰነፍ አይደለችም፣ ያስተኛናት እኛ ነን እላለሁ። ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ።»